ከጥንድ ዲስኮች የሚነሣ ኮምፒዩተር፤ ታሪኩና ትምህርቱ

ቦሌ አራብሳ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከተሠሩት ታላላቅ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች አንዱ ነው። ቀድሞ በቦሌ ክፍለ ከተማ ሥር የነበረው ይህ አካባቢ፣ የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ሲቋቋም በአዲሱ ክፍለ ከተማ ሥር ሆኗል። የሰፈሩ አመሠራረት ከመዝገብ ጋር የተሳሰረ ነው። የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በቦሌ ገርጂ ከተደረገው ሙከራ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳርቻዎች ሲስፋፋ፣ ቤት ፈላጊዎች በ1997 ዓ.ም. ተመዘገቡ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሰፊ ምዝገባ ተካሄደ። የተመዝጋቢው ስም፣ የቁጠባው መጠንና በመጨረሻም በዕጣ የደረሰው ቤት በኮምፒዩተር የሚያዝ ጉዳይ ሆነ። ሕንፃዎቹ ቆመው ነዋሪው ከገባ በኋላም ነገሩ አላበቃም። በምድር ወለላቸው የሚከፈተው መድኃኒት ቤት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ እንዲሁም በአካባቢው ያለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሁሉ መዝገቡን በኮምፒዩተር መያዝ ይሻል።

የእነዚህ መዝገቦች ማደሪያ ዲስክ ነው፤ ዲስክ ደግሞ ዕቃ ነውና ያረጃል፣ ይበላሻል። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንደሚባለው፣ መዝገቡን ሁሉ በአንድ ዲስክ ላይ ያኖረ መሥሪያ ቤት ሊጠነቀቅ ይገባዋል። የሙያው የቆየ መልስ እያንዳንዱን ጽሑፍ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል መጻፍ ነው። አንዱ ዲስክ ሌላውን እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ አሠራሩ የመስተዋት አሠራር ተብሏል። ነገር ግን የዚህ አሠራር ታሪክ በጥሞና ሲመረመር አንድ የሚያስገርም ጉድለት ይታይበታል። ይኸውም መረጃውን በሁለት ዲስኮች ያኖሩ ኮምፒዩተሮች ለብዙ ዘመን የራሳቸውን መነሻ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ትተውት መኖራቸው ነው። በሥራ መካከል አንዱ ዲስክ ቢሞት ሥራው ይቀጥላል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ኮምፒዩተሩ አልነሣም ይላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም።

ጥንድ ቅጂ በኢትዮጵያ

አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፍ ዘንድ ሁለት አድርጎ ማኖር ለኢትዮጵያ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የብራና መጻሕፍት ለብዙ መቶ ዓመታት በጸሐፍት እጅ እየተገለበጡ ከደብር ወደ ደብር ሲተላለፉ ኖረዋል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ መጽሐፉ በሌላ ገዳም ሊገኝ የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። በዘመናዊ መሣሪያ ከተደረገው የዚህ ዐይነት ሥራ ታላቁ ደግሞ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ይህ ሥራ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በውጭ አጋሮች ትብብር ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አነሣ። ፊልሙም በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ተደረገ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በኮሌጅቪል ሆነው የእነዚህን መጻሕፍት ካታሎግ ሲያዘጋጁ ኖረዋል።

የፊልም ቅጂና የዲስክ መስተዋት ዓላማቸው ቢመሳሰልም ጠባያቸው ይለያያል። ፊልሙ መጽሐፉ በተነሣበት ቀን የነበረውን መልክ ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በብራናው ላይ ቃል ቢፍቅ ፊልሙ አይለወጥም። መስተዋቱ በአንጻሩ በዋናው ላይ የሚደረገውን ለውጥ ሁሉ በዚያው ቅጽበት ይከተላል። ፊልሙ ትናንትን ሲጠብቅ መስተዋቱ ዛሬን ይጠብቃል። ይህ ልዩነት በመጨረሻ እንደሚታየው ትልቅ ቁም ነገር አለው።

ከአንድ ዲስክ ወደ ጥንድ

የመጀመሪያው የንግድ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. ራማክ ከተባለው ኮምፒዩተር ጋር ለገበያ ያቀረበው ነበር። 50 ሳሕኖች የተደረደሩበት፣ ክብደቱም ከአንድ ቶን ያላነሰ ይህ መሣሪያ 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን ይይዝ ነበር። ዋጋው እጅግ ውድ ስለነበር እርሱን በጥንድ መግዛት ለብዙ ድርጅት የሚታሰብ አልነበረም።

ጥንድ ዲስክን የሥራቸው መሠረት ካደረጉት ቀደምት ኩባንያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የተቋቋመው ታንደም ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1976 ለደንበኛ ያስረከበው ኖንስቶፕ የተባለው ኮምፒዩተር በባንኮችና በገንዘብ ልውውጥ ድርጅቶች ዘንድ የታወቀው፣ ከክፍሎቹ አንዱ ቢበላሽም ሥራውን ሳያቋርጥ የሚቀጥል በመሆኑ ነበር። ዲስኮቹም በጥንድ ይያዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበሩት ኖርማን ኬን ኦውቺ ከተበላሸ ዲስክ ላይ መረጃን መልሶ የማግኛ ዘዴ የባለቤትነት መብት ሲሰጣቸው፣ ጥንድ አድርጎ መጻፍ በሙያው ዘንድ የታወቀ አሠራር ሆኖ ነበር።

ሐሳቡን ለተራው ኮምፒዩተር ያደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሆነው ያወጡት ጽሑፍ ነው። ሦስቱ ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ፈንታ ብዙ ትናንሽ ርካሽ ዲስኮችን በአንድነት ማሠራት እንደሚቻል አመለከቱ። ችግሩንም አልሸሸጉም። አንድ ትንሽ ዲስክ በአማካይ 30,000 ሰዓት ሳይበላሽ ቢሠራ፣ 100 ዲስኮች በአንድነት ሲያዙ ከመካከላቸው አንዱ በ300 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይበላሻል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ ስብስቡ ትርፍ ዲስክ ሊኖረው ግድ ነው አሉ። ይህን ዐይነቱን ስብስብ ሬይድ ብለው ጠሩት፤ በደረጃም ከፋፈሉት። ከደረጃዎቹ የመጀመሪያው የመስተዋት አሠራር ነበር።

የማስነሻው ችግር

ጥንዱን ዲስክ የሚያስተባብረው ራሱን የቻለ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የኮምፒዩተሩ ሥርዐት አካል የሆነ ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። የማስነሻው ችግር የሚገኘው በሁለተኛው ነው። ኮምፒዩተር ሲበራ፣ በተለምዶ ቡት ማድረግ የሚባለው ሥራ በደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም ይነቃል። እርሱም የአንድን ዲስክ የመጀመሪያ ክፍል አንብቦ የማስነሻ ፕሮግራሙን ይጠራል። የማስነሻ ፕሮግራሙ ከርነል የሚባለውን የሥርዐቱን ዋና አካል ከዲስክ ያነሣል። ሁለቱን ዲስኮች እንደ አንድ የሚያስተባብረው ሶፍትዌር የሚነቃው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ደረጃዎች ባዮሱ የሚያውቀው አንድን ዲስክ ብቻ ነው፤ መስተዋት የሚባል ነገር መኖሩንም አይረዳም። ጠባቂው ሳይነቃ በሩ መከፈት አለበት ማለት ነው።

የሶፍትዌር መስተዋት ያወጡ ኩባንያዎች ሁሉ ከዚህ ችግር ጋር ተጋፍጠዋል። ኖቬል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኔትዌር በተባለው ሥርዐቱ ጥንድ ዲስክን በየመሥሪያ ቤቱ አስለመደ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ኔትዌር 386 ራሱ የሚነሣው ከዶስ ነበር። የኔትዌር ክፍልፋይ በሁለት ዲስኮች ሲንጸባረቅ ዶስ ያለበት ክፍልፋይ ግን አይንጸባረቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤን.ቲ.ም በሶፍትዌር መስተዋት ማቋቋም ይችል ነበር። ዋናው ዲስክ ሲሞት ከሁለተኛው ለመነሣት ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ፍሎፒ ዲስክ ያስፈልግ ነበር። በፍሎፒው ላይ ያለው የማስነሻ ፋይል የሁለተኛውን ዲስክ አድራሻ እንዲያመለክት ተደርጎ መታረም ነበረበት። ፍሎፒውን አስቀድሞ ያላሰናዳ ባለሙያ ሙሉ መረጃ የያዘ ዲስክ በእጁ ይዞ ሥራ ይፈታ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሆነው የሰን ማይክሮሲስተምስ ሶላሪስ ነው። በዚህ ሥርዐት የዲስክ ስብስቡን ሁኔታ የሚገልጹ አነስተኛ መዝገቦች በየዲስኩ ላይ ይቀመጡ ነበር። ደንቡ ሁለት ነበር፤ በሥራ ላይ ያለ ኮምፒዩተር እንዲቀጥል ከመዝገቦቹ ቢያንስ ግማሹ ደኅና መሆን አለበት። እንደ አዲስ እንዲነሣ ግን ከግማሽ በላይ ይፈለጋል። ሁለት ዲስክ ብቻ ባለው ኮምፒዩተር ላይ መዝገቦቹ እኩል ተከፍለው ሲቀመጡ፣ አንዱ ዲስክ ከሞተ የሚተርፈው በትክክል ግማሽ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሳይቆም ይሠራል፤ ከጠፋ በኋላ ግን ባለሙያ መጥቶ የሞቱትን መዝገቦች እስኪሰርዝ ድረስ በተሟላ ሁኔታ አይነሣም። ደንቡ ያለ ምክንያት የወጣ አልነበረም። ሁለት ዲስኮች የተለያየ ነገር ሲናገሩ የቱ እውነተኛ እንደሆነ ለመለየት ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋልና ነው። ኋላ ይህን ደንብ የሚያላላ ምርጫ ተጨመረ፤ ጥንቁቆቹ ግን ሦስተኛ ዲስክ መጨመርን መረጡ።

የሊኑክስ መንገድ

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመሩት ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የራሱን የመስተዋት ሶፍትዌር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ኒል ብራውን ኤም.ዲ.አድም የተባለውን መሣሪያ አወጡ፤ መሣሪያው ዛሬም ድረስ የሊኑክስ ጥንድ ዲስክ ማቋቋሚያ ሆኖ ያገለግላል። የማስነሻው ችግር ግን በዚህም ነበር። በቀድሞው የዲስክ አከፋፈል የማስነሻው ኮድ የሚገኘው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ሲሆን፣ ለኮዱ የሚተርፈው ቦታ 446 ባይት ብቻ ነበር። ይህ ቦታ ከማንኛውም ክፍልፋይ ውጭ ነው። ባለሙያው ክፍልፋዮቹን ሲያንጸባርቅ ይህች ትንሽ ቦታ በመስተዋቱ ውስጥ አትገባም። ስለሆነም በሁለቱም ዲስኮች ላይ ለየብቻ ካልተጻፈች፣ ሁለተኛው ዲስክ መረጃው ሁሉ ሞልቶ ሳለ ኮምፒዩተሩን ማስነሣት አይችልም።

ሊሎ የተባለው ቀደምት የማስነሻ ፕሮግራም ከርነሉ የሚገኝበትን የዲስክ አድራሻ በቁጥር መዝግቦ ይይዝ ነበር፤ ኋላም በጥንዱ ዲስኮች ሁሉ ላይ ራሱን መጻፍ ተማረ። እርሱን የተካው ግረብ ደግሞ አንድ ብልኀት ረዳው። በዚያን ጊዜ የመስተዋቱ መለያ መረጃ የሚጻፈው በክፍልፋዩ መጨረሻ አጠገብ ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው የሚያነበው ግረብ ከጥንዱ አንዱን እንደ ተራ ክፍልፋይ ቆጥሮ ከርነሉን ያነሣ ነበር። መስተዋቱን ሳያውቅ በመስተዋቱ ተጠቀመ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን የኤም.ዲ.አድም የተለመደ አቀማመጥ ተለውጦ መለያው ከክፍልፋዩ መጀመሪያ 4 ኪሎባይት ገባ ብሎ መጻፍ ጀመረ። አሮጌው ግረብ ይህን ማንበብ አልቻለም። የመስተዋቱን አሠራር በትክክል የሚያውቀው አዲሱ ግረብ 2 እስኪስፋፋ ድረስ ብዙ ባለሙያዎች ለማስነሻው ብቻ የቀድሞውን አቀማመጥ የጠበቀ ትንሽ ክፍልፋይ ለብቻ ያቋቁሙ ነበር።

ባዮስን የተካው ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. ጥያቄውን በሌላ መልክ መለሰው። አዲሱ አሠራር የማስነሻውን ፋይል የሚፈልገው ፋት በተባለው ቀላል አቀማመጥ ከተሠራ ልዩ ክፍልፋይ ውስጥ ነው፤ ይህን ክፍልፋይም እንደ መስተዋት አይረዳውም። አንዳንዶች መለያውን በመጨረሻ አድርገው ይህንኑ ክፍልፋይ ያንጸባርቁታል። ነገር ግን ማዘርቦርዱ በራሱ ፈቃድ በአንደኛው ላይ ብቻ አንድ ነገር ቢጽፍ ሁለቱ ሳይታወቅ ይለያያሉ። ሌሎች ሁለት የተለያዩ ክፍልፋዮች አቋቁመው በየማሻሻያው ጊዜ ይዘቱን ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥን ይመርጣሉ። ከኖቬል ዘመን ጀምሮ የተነሣው ጥያቄ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

ካርድ ወይስ ሶፍትዌር

ይህን ሁሉ ድካም ለማስቀረት ጥንዱን የሚያስተባብር ካርድ መግዛት ይቻላል፤ ካርዱ ከባዮሱ ፊት ሆኖ ሁለቱን ዲስኮች አንድ አስመስሎ ያቀርባልና። ሆኖም ካርዱ ራሱ አንድ ነው። በዲስኮቹ ላይ የሚጽፈው መለያም ብዙውን ጊዜ የአምራቹ የራሱ ስለሆነ፣ ካርዱ በተበላሸ ጊዜ ተመሳሳዩን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። ዕቃ በውጭ ምንዛሪ በሚገባባት ኢትዮጵያ፣ ይልቁንም የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ይህ ለቦሌ አራብሳ ትንሽ የቁጠባ ማኅበር ከባድ ነገር ነው። በሶፍትዌር የተንጸባረቀ ዲስክ ግን ከማናቸውም ሊኑክስ ካለው ኮምፒዩተር ጋር ቢገናኝ ይነበባል። ያገለገለ ኮምፒዩተር ከጎረቤት ተውሶ ሥራ መቀጠል ይቻላል። ስለዚህ የሶፍትዌሩ መንገድ ለአካባቢው የተስማማ ነው፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

ጥንቃቄውም ከታሪኩ የሚከተል ነው። የማስነሻ ፕሮግራሙ በሁለቱም ዲስኮች ላይ መጫን አለበት። ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. ባለው ኮምፒዩተር የማስነሻው ክፍልፋይ በሁለቱም ላይ መኖርና ሁለቱም በማዘርቦርዱ የማስነሻ ዝርዝር ውስጥ መመዝገብ ይገባቸዋል። ከዚያም ሥራው ሳይጀመር መፈተን ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ አንደኛው ዲስክ ይነቀላል፣ ይነሣ እንደሆነም ይታያል። ዲስኩ ተመልሶ ሁለቱ እኩል ከሆኑ በኋላ ፈተናው በሁለተኛው ዲስክ ይደገማል። ይህን ፈተና ያላለፈ ጥንድ ዲስክ ለማስነሻ ያህል እንደ አንድ ዲስክ ይቆጠራል።

ሌላም አለ። መስተዋት የዲስክን ሞት ስለሚሸፍን ሞቱ ሳይታወቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ሁለተኛውም ሲሞት ሁሉም ነገር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ኤም.ዲ.አድም ጉድለት ሲያይ መልእክት እንዲልክ ማድረግ፣ መልእክቱም የሚያነበው ሰው ዘንድ መድረሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መብራት በድንገት ሲጠፋ አንዱ ዲስክ ተጽፎበት ሌላው ሳይጻፍበት ሊቀር ይችላል። ሶፍትዌሩ ሲነሣ ይህን አይቶ ሁለቱን እንደገና እኩል ያደርጋል፤ ቢትማፕ የተባለው ምልክት ማድረጊያም የተለወጠውን ቦታ ብቻ በማመልከት ሥራውን ያሳጥራል። ለጥቂት ደቂቃ ኀይል የሚሰጥ ዩ.ፒ.ኤስ. መኖሩ ግን ከሁሉ ይቀድማል።

መስተዋት የማያድነው

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የ14ኛው ዙር የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ ቤቶቹ ከ25 ሺህ በላይ ነበሩ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የከተማው አስተዳደር ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ ገብተው መገኘታቸውን ገልጾ ዕጣውን ሰረዘ። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት ሲቆጥቡና ሲጠባበቁ ለኖሩ ቤተሰቦች እነዚያ ወራት ምን ያህል እንደከበዱ መገመት አያዳግትም።

ይህ ነገር ለዲስክ ባለሙያ የሚያስተላልፈው ትምህርት ግልጽ ነው። የጥያቄው ምንጭ የዲስክ መሞት አልነበረም፤ በመዝገቡ ውስጥ ማን አለ የሚለው ነበር። ለዚህ ጥያቄ መስተዋት መልስ የለውም። የተሳሳተ ስም ቢገባ መስተዋቱ በሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል ይጽፈዋል፤ ትክክለኛው ስም ቢሰረዝም ከሁለቱም እኩል ይሰርዘዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በኮሌጅቪል እንደተቀመጠው ፊልም ያለ ቅጂ ነው። ይኸውም ቀኑ የታወቀ፣ ከዋናው ስፍራ ርቆ የተቀመጠ፣ በኋላ በሚደረግ ለውጥ የማይነካ ቅጂ ነው። ከዚህም ጋር ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚያሳይ መዝገብ ሊያዝ ይገባል።

እንግዲህ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ አደራ የተሰጠው ባለሙያ ሦስት ነገሮችን ለይቶ መያዝ ይጠበቅበታል። መስተዋቱ ሥራው በመካከል እንዳይቆም ያደርጋል፤ በሁለቱም ዲስኮች ላይ የተጻፈው ማስነሻ ከመብራት መጥፋት በኋላ ኮምፒዩተሩ ዳግም እንዲነሣ ያደርጋል፤ ቀን ያለው የሩቅ ቅጂ ደግሞ ስሕተት ወይም ተንኰል ሲደርስ ወደ እውነተኛው መዝገብ ለመመለስ ያስችላል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። በቦሌ አራብሳ የቁጠባ ደብተሩን ለኮምፒዩተር ያስረከበ ነዋሪ እነዚህን ነገሮች እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ ገንዘቡና ስሙ በነገው ጧት መዝገቡ ሲከፈት በቦታቸው እንዲገኙ ግን ይጠብቃል። ይህን መጠበቅ የሚያስከብረው ዲስኮቹ ሳይሞቱ በፊት የሚደረግ ፈተናና ክትትል ነው።